የገጠር ሜኖናይቶችን የጸሎት ቤት ማን ይጠግነው፣ ማንስ ያጸዳው ነበር?

ጥያቄ፦ «በአጥቢያችን የሕንፃ ኮሚቴ አባል ነኝ። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለጥገና የምናወጣው ገንዘብ እየከበደን ነው። በስብሰባ ላይ አንድ ወንድም ‹የጥንት ሜኖናይት ገበሬዎች ለዚህ ሁሉ ሰው ቀጥረው አያውቁም፤ ቤተሰቦች ተካፍለው ይሠሩት ነበር› አለን። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ነበር የሚካፈሉት? ድርሻውን ያልሠራ ሰውስ ምን ይደረግ ነበር?»

ምላሽ፦

ወንድማችሁ ያለው በአብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን የሥራ ክፍፍሉን ብቻ መዝዛችሁ ብትወስዱት አይሠራላችሁም። እነዚያ ገበሬዎች ሥራውን ከመካፈላቸው በፊት ሥራውን አሳንሰውታል። ቤቱ ከመጀመሪያው ብዙ ጥገና እንዳይጠይቅ ሆኖ ተሠራ፤ ቤተሰቦች የተካፈሉት ከዚያ በኋላ የተረፈውን ነው። ይህን ሳያዩ የተራ ዝርዝር አውጥተው ግድግዳ ላይ የለጠፉ አጥቢያዎች አውቃለሁ፤ ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ።

በመጀመሪያ ስለየትኞቹ ሰዎች እንደምናገር ልለይ። ሜኖናይቶች አምኖ የተጠየቀን ሰው እንጂ ሕፃንን የማያጠምቁ የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ሲሆኑ፣ ከካናዳ እስከ ፓራጓይ፣ ከኔዘርላንድ እስከ ኮንጎ ተበትነው የሚኖሩ ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ ከተሜ ናቸው፤ እንደማንኛውም ሰው ለጽዳት ሠራተኛ ይከፍላሉ። ወንድማችሁ ያሰባቸው ዓይነት ገበሬዎች በተለይ የሚታወቁት በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት በላንካስተር አውራጃ፣ በካናዳ በኦንታሪዮ በዋተርሉ አካባቢ፣ እንዲሁም ከዛሬዋ ዩክሬን ተነሥተው በ1870ዎቹ ካንሳስና ማኒቶባ በሰፈሩት ዘንድ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።) እኔ የማተኩረው በላንካስተር ላይ ነው። የመሠረተ ክርስቶስ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን፣ ምዕመናን ከሆናችሁ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን ሚሲዮናውያን የላከው ቦርድ የዚያው አካባቢ ጉባኤዎች ክንድ ነበር።

ሜኖናይቶች የተገኙበት እንቅስቃሴ በጥር 1525 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ ሲጀመር ሕንፃ የሚባል ነገር አልነበረውም። አዋቂን ዳግመኛ ማጥመቅ በሞት ያስቀጣ ስለነበር በዋሻ፣ በጫካና በጎተራ ይሰበሰቡ ነበር። በዙሪክ ካንቶን ከተሸሸጉባቸው ዋሻዎች አንዱ ዛሬም ይጎበኛል። ሆላንድ ውስጥ ትንሽ ፋታ ባገኙ ጊዜ እንኳ የሠሩት ከመንገድ የማይታይ፣ ከቤቶች ጀርባ የተደበቀ አዳራሽ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ሲደርሱ ደወል፣ ጉልላትና የመስታወት ሥዕል አልናፈቃቸውም። በ1683 በፔንሲልቬንያ በተመሠረተችው ጀርመንታውን በ1708 ያቆሙት የመጀመሪያው ቤት ከግንድ የተሠራ ነበር፤ በ1770 በድንጋይ ቤት ተተካ፤ ይኸኛው እስከ ዛሬ ቆሟል። ላንካስተር ውስጥ ደግሞ በ1719 የተገነባው የሃንስ ኸር ቤት ሰው የሚኖርበትም፣ ጉባኤ የሚሰበሰብበትም ነበር።

የሥጋ ዘመዶቻቸው አሚሾች እስከ ዛሬ በዚያው ቀርተዋል፤ አብዛኞቹ የጸሎት ቤት የላቸውም። በየሁለት ሳምንቱ በየተራ በአንድ ቤተሰብ ቤት ወይም ጎተራ ይሰበሰባሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ ከቤት ወደ ቤት በፈረስ ጋሪ ይዞራሉ። አንድ ወረዳ ሠላሳ ያህል ቤተሰብ ካለው ተራው በዓመት አንዴ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ተረኛው ቤተሰብ ሳምንታት ቀደም ብሎ ያጸዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ የላላውን መዝጊያ ያጠብቃል። የጋራ ጥገና የሚባል ራስ ምታት የለባቸውም፤ ሁሉም የየራሱን ቤት ይጠግናል። ሜኖናይቶቹ ግን ቤት ለመሥራት ወሰኑ፤ ጥያቄያችሁም ከዚያ ይጀምራል።

ቤቱ ምን ይመስል ነበር? ረዘም ያለ አራት ማዕዘን፣ ቁልቁል የተዘረጋ ጣሪያ፣ ተራ የመስኮት መስታወት። ውስጡ ትራስ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ ሰባኪዎቹ ተደርድረው የሚቀመጡበት ቦታና ከፊታቸው ተራ ገበታ፣ መካከል ላይ ምድጃ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ይቀመጣሉ፤ ከወንዶቹ በላይ የባርኔጣ መስቀያ ተደርድሯል። ኦርጋን የለም፤ ስለዚህ የሚጠገን መሣሪያ የለም። ሥዕል የለም፤ ምንጣፍ የለም። በኦልድ ኦርደር ሜኖናይቶች፣ ማለትም የጥንቱን ሥርዓት አጥብቀው በያዙት ዘንድ፣ ዛሬም የኤሌክትሪክ መብራት የማይገባባቸው አሉ፤ ጉባኤው በቀን ብርሃን ይካሄዳል። ይህ ሁሉ የትሕትና ትምህርት ነው ይሉናል፤ እውነትም ነው። እኔ ግን የጥገና ፖሊሲም ነበር እላለሁ። ማንኛውም ገበሬ በራሱ መጋዝና መዶሻ ሊጠግነው የማይችለው ነገር ከቤቱ ውስጥ አልገባም። የጎተራውን በር የሚሠራ ሰው የጸሎት ቤቱን በር መሥራት አያቅተውም።

መሬቱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወይም በስመ ዋጋ የሚሸጠው አንድ አባል ነው፤ ውሉ የሚጻፈው በባለአደራዎች ስም ነው። የጸሎት ቤት፣ የመቃብር ቦታና አንዳንዴም ትምህርት ቤት በአንድ ግቢ ይሆናሉ። ባለአደራዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ገበሬዎች ናቸው፤ ቁልፉም፣ ወጪውም፣ የማገዶው ጉዳይም በእነሱ እጅ ነው። ሰባኪዎቹ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ሰባኪ በዕጣ ነው የሚመረጠው፤ ደመወዝ የለውም፣ እንደሌላው ያርሳል። ደመወዝ ስለሌለ ቤተ ክርስቲያኑ በየወሩ ገቢ እንዲያገኝ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ይህን ለእናንተ በግልጽ መናገር አለብኝ፤ የእነሱ በጀት ቀላል የሆነው ከጽዳት ሠራተኛ ይልቅ የአገልጋይ ደመወዝ ስላልነበረ ነው።

ዲያቆኑ ሌላ ገንዘብ ይይዛል፤ የድኾችን። ለመበለት፣ ለታመመ፣ ከብቱ ላለቀበት የሚሰጥ ነው። ሁለቱ ኪሶች አይደባለቁም። ለጣሪያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለብቻው ይሰበሰባል፤ ባለአደራዎቹ ወጪውን ለጉባኤው ያሳውቃሉ፣ ሰው እንደ አቅሙ ይሰጣል። ትልቅ እርሻ ያለው ብዙ እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ ሁሉም የሁሉንም እርሻ ያውቃልና አቅምን መደበቅ አስቸጋሪ ነው። ባዛር አዘጋጅቶ ወይም ሎተሪ ሸጦ ገንዘብ ማሰባሰብን ወግ አጥባቂዎቹ አጥብቀው ይጠሉት ነበር። እዚህ ላይ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፦ የጣሪያ ገንዘብ ከድኻ ገንዘብ የተቀላቀለ ቀን ጣሪያው ሁልጊዜ ያሸንፋል።

የዓመቱን ሥራ የሚያዝዘው የእርሻው ወቅት ነው። ክረምቱ ብርዳማ ስለሆነ ዋናው ነገር ማገዶ ነው። ቤተሰቦች ከየራሳቸው ደን ቆርጠው፣ ፈልጠው፣ በጋሪ ያመጣሉ፤ በኋላ የድንጋይ ከሰል ሲተካ በገንዘብ መዋጣት ጀመሩ። ምድጃውን እሑድ ገና ሳይነጋ የሚያነደው ግን ሁሉም በየተራ አልነበረም። በብዙ ጉባኤዎች ይህን የሚሠራው ለጸሎት ቤቱ ቅርብ የሆነ ቤተሰብ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጥቂት ክፍያ ወይም የሚኖርበት ቤት ይሰጠዋል። «ሰው ቀጥረው አያውቁም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል። በየሳምንቱ በሰዓቱ መደረግ ያለበትንና ሲረሳ ሁሉንም የሚያስቀጣውን ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥተው፣ በዓመት አንዴና ሁለቴ የሚመጣውን ከባዱን ሥራ ለሁሉም አከፋፈሉት። የተራ አሠራር የሚሰምረው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ከዚህ መማር ይቻላል።

ጣሪያ መለወጥ፣ ግድግዳ ኖራ መቀባት፣ አጥር ማቆም በደቦ ነው፤ ከዘር በኋላ ወይም ከመከር በፊት ባለው ክፍት ጊዜ። ወንዶቹ ከሚወጡበት መሰላል ሥር ልጆች ምስማር ያቀብላሉ። የፈረስና የጋሪ መጠለያው ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ረጅም ሆኖ ይቆማል። የመቃብሩን ሣር ማጨድም የሁሉም ነው። ሰው ሲሞት ጉድጓዱን የሚቆፍሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ የሟች ቤተሰብ አካፋ አይነካም። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም።

የሴቶቹ ሥራ ጥናት ይጎድለዋል፤ ምክንያቱም መዝገቡን የያዙት ባለአደራዎች ወንዶች ስለነበሩ የጻፉት ምስማር፣ ሳንቃና ከሰል ነው። ውኃና ሳሙና ደረሰኝ የለውም። የጌታ እራት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው ይደረጋል፤ ከእሱ ጋር በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መሠረት እግር መታጠብ አለ። ከዚያ በፊት ቤቱ ከወለል እስከ መስኮት ይታጠባል፣ አግዳሚው ሁሉ ይፈተጋል። የእግር መታጠቢያው ገንዳ ይወለወላል፤ ፎጣዎቹ ከሥርዓቱ በኋላ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ተጣጥፈው ይቀመጣሉ። በዓሉ በየስድስት ወሩ መምጣቱ ጽዳቱን ማንም ሳያዝዘው አስያዘው። ኮሚቴያችሁ የጽዳት ዘመቻ ቀን እየፈለገ ከሆነ፣ ሰው ቀድሞውኑ የሚጠብቀው ቀን ላይ ያስጠጋው።

እሳት ሌላ ነገር ነው። የእንጨት ቤት፣ ምድጃና ደረቅ ክረምት ባሉበት ሊመጣ የሚችለው የታወቀ ነው። ሜኖናይቶች በቪስቱላ ወንዝ አፍ፣ በዛሬዋ ፖላንድ፣ ገና በ1623 የእሳት መረዳጃ ደንብ አውጥተው ነበር። ቤቱ ለተቃጠለበት ሁሉም በንብረቱ ግምት ያዋጣል፤ ልማዱን ይዘው ወደ ሩሲያ፣ ከዚያም ወደ ካናዳና ካንሳስ ሄዱ። ላንካስተር ያሉት ወግ አጥባቂዎችም የንግድ ኢንሹራንስን በጥርጣሬ ያዩ ነበር፤ የጸሎት ቤት ሲቃጠል የጎረቤት ጉባኤዎች መዶሻቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሩሲያዎቹ ሰፈሮች ግን ከላንካስተር ይልቅ ቆጣሪዎች ነበሩ። ሞሎችና በተባለችው ሰፈር አንድ ሙሉ እርሻ 65 ዴሲያቲን (የሩሲያ የመሬት መለኪያ)፣ ማለትም ወደ 71 ሄክታር ነበር፤ የመንደሩ የመንገድ፣ የአጥርና የመጓጓዣ ግዴታ በእርሻ ይመደባል። ሙሉ እርሻ ያለው ሙሉ ድርሻ፣ ግማሽ ያለው ግማሽ። ፍትሐዊ ይመስላል። ሆኖም በመንደር ጉዳይ ድምፅ የሚሰጡትም እነዚያው ባለ እርሻዎች ነበሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መሬት አልባው ቁጥሩ ሲበዛ ይህ ራሱ የከረረ ጠብ አስነሣ። በገንዘብ አቅም መመደብ ጥሩ ነው፤ ድምፅም አብሮ እንዳይመደብ መጠንቀቅ ነው።

የሠራ ሰው መናገር ይፈልጋል። ለዚህ ከሁሉ የሚታወቀው ታሪክ በ1889 በላንካስተር አውራጃ፣ ሊክቲ በተባለው የጸሎት ቤት የሆነው ነው። ቤቱ በአዲስ ሲሠራ የሕንፃ ኮሚቴው በተለመደው የሰባኪ ገበታ ፋንታ ከፍ ያለ ፑልፒት፣ ማለትም የስብከት መድረክ፣ አስገባ። ለእኛ ተራ የዕቃ ለውጥ ይመስላል። ለብዙዎቹ ግን ሰባኪን ከወንድሞቹ በላይ ማቆም ነበር፤ ኤጲስ ቆጶሱ ጆናስ ማርቲንም ተቃወመ። አንድ ሌሊት ፑልፒቱ ተነቅሎ ጠፋ፤ በቦታው ገበታ ተቀመጠ። የደረሰው ቁጣ ለዓመታት አልበረደም። በ1893 ማርቲንና የሚከተሉት ከላንካስተር ጉባኤ ተለዩ፤ ፑልፒቱ ብቸኛው ምክንያት አልነበረም፣ ሰንበት ትምህርት ቤትና ሌላም ነበረበት። ኮሚቴዎች ግን ይህን ታሪክ ቢያውቁት ጥሩ ነው። መጠገንና መለወጥ የተለያዩ ናቸው፤ ለጥገና የተሰጠ ሥልጣን ለለውጥ አይሆንም። ጣሪያ ለመድፈን ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፣ መድረክ ለማንሳት ግን ሁሉንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው መለያየት ደግሞ በጣም የምወደው ክፍል ነው። በ1927 የማርቲን ወገኖች ራሳቸው በመኪና ጉዳይ ተከፈሉ። ሞሰስ ሆርኒንግ የመሩት መኪና ፈቀዱ፤ የሚያብረቀርቀውን መከላከያ በጥቁር ቀለም እየቀቡ መንዳት ጀመሩ። ጆሴፍ ዌንገር የመሩት በፈረስ ቀሩ። ስለ ሕንፃዎቹ ይካሰሳሉ ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። ብዙዎቹን ቤቶች ግን በጋራ ያዙ፤ አንዱ ወገን በአንዱ እሑድ፣ ሌላው በሚቀጥለው። ይህ የተቻለው ድሮም በአንድ ቤት ውስጥ ጉባኤ የሚደረገው በየሁለት ሳምንቱ ስለነበር ነው፤ ባዶው እሑድ አስቀድሞ ነበረ። ኦንታሪዮም በ1939 በዚሁ በመኪና ምክንያት ሲከፈሉ እንዲሁ አደረጉ። አንዱ እሑድ ግቢው በጥቁር መኪና፣ ቀጣዩ በፈረስ ጋሪ ይሞላል፤ ጣሪያው ግን አንድ ነው፤ ሲያፈስ ለሁለቱም ነው የሚያፈሰው። በትምህርት ያልተስማሙ ሰዎች በቆርቆሮና በቀለም ሒሳብ ይገናኛሉ። እኔ እንደማየው፣ ቤቶቹ ቀላል ሆነው የቆዩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ተነሥቶ ሽቦ ሊዘረጋ አይችልም።

ያልሠራ ሰው ምን ይደረግ ነበር ላላችሁት፦ ቅጣት የሚባል የተጻፈ ነገር የለም። ሥራው በደቦ ስለሆነ የቀረ ሰው ይታወቃል፣ የቀረበትም ምክንያት ይታወቃል። ይሁንና አንድ ሥርዓት አላቸው። ከጌታ እራት በፊት የምክር ጉባኤ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ አባል ከእግዚአብሔርና ከሰው ጋር ሰላም መሆኑን፣ ማዕዱን ለመቁረብ መፈለጉን ይናገራል። ቂም የያዘ ሰው ቂሙን እዚያ ማንሳት ወይም ቀድሞ መጨረስ አለበት። ስለ ማገዶ የተጣሉ ጎረቤቶችም በዓመት ሁለት ጊዜ እዚህ በር ላይ ይደርሳሉ። ጉባኤው ካልተስማማ የጌታ እራት ራሱ ሊዘገይ ይችላል። ይህ ጫና እንደሌለበት አድርጌ ላሳምረው አልፈልግም፤ በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ የጎረቤት ዓይን ከመቀጮ ይከብዳል። ድኻ ወይም አቅመ ደካማ በገንዘብ ፋንታ በጉልበት፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ምግብ በማብሰል መሳተፉ የሚያቃልለው ነገር አለ።

ከእናንተ ታሪክ ጋር ያለውን ግንኙነት በአጭሩ ላንሳ። የሜኖናይት የእርዳታ ሰዎች ኢትዮጵያ የገቡት ከጣሊያን ወረራ ማግስት በ1945 ነው፤ ናዝሬት ላይ አሮጌ የጥጥ መዳመጫ አድሰው ሆስፒታል አደረጉት። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ ያለውን አሮጌ ቤት አድሶ መጠቀም ለእነሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1951 የመጀመሪያዎቹ አማኞች ተጠመቁ። በ1982 ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ሕንፃዎቿንና ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ምዕመናኑ በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ሆነው ተሰበሰቡ፤ አምስት ሺህ የነበረው አባል እገዳው ሲነሣ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የዚያን ዘመን የአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉ ከላንካስተር ገበሬ ይልቅ እነሱን ጠይቁ። ማን ቤቱን ይሰጥ እንደነበር፣ ማን ወንበር ያመጣ እንደነበር፣ ማን በር ላይ ይቆም እንደነበር ያውቃሉ።

አሁን ወደ ኮሚቴያችሁ ሥራ። መጀመሪያ የተራ ዝርዝር አታውጡ፤ መጀመሪያ ቤቱ የሚጠይቀውን ሥራ ዘርዝሩና የትኛውን ማስቀረት እንደምትችሉ እዩ። በየሳምንቱ የሚታጠበው መጋረጃ ያስፈልጋል ወይ? የዓመቱን ትልቅ ሥራ ለሁሉም አድርጉት፤ የየሳምንቱን ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቤተሰብ በግልጽ ስጡ፣ የሚቻል ከሆነም ክፈሉት። የገበሬዎቹ ክፍት ጊዜ ከመከር በፊት ነበር፤ የእናንተ ምዕመን ግን በፈረቃ የሚሠራ ነርስ፣ ሾፌርና ባለሱቅ ነውና ቀኑን ከእነሱ ጋር ተመካከሩበት። የሴቶቹን ሥራ በመዝገብ አስፍሩ። ኤሌክትሪኩን ደግሞ ለባለሙያ ስጡ፤ በደቦ የሚዘረጋ ሽቦ አይሆንም።

ጥበቃውን በተመለከተ ግን ከእነዚያ ገበሬዎች የምትወስዱት ትምህርት የለም። እነሱ ዘበኛ ያልነበራቸው የሚሰረቅ ነገር ስላልነበራቸው ነው፤ ሌባ ቢገባ የሚያገኘው አግዳሚና ምድጃ ነው። የእናንተ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያ፣ ኪቦርድና ጄኔሬተር አለ። ዘበኛውን አትቀንሱት።